አንድ ዓይን ላለው ፈረስ ያሠራሁት ልጓም፦ ከቢሾፍቱ

ይህን የምጽፈው ፈረሳችሁ አንድ ዓይኑን አጥቶባችሁ "ከእንግዲህ ጋሪ አይስብም" ለተባላችሁ ነው። ይስባል። የኛ ዳማ የግራ ዓይኑን ሽቦ ወጋው፣ ሐኪሞች አውጥተው ቆቡን ሰፉለት፣ ቁስሉም ድኖ ፀጉር አበቀለ። አሁን ቦታው ትንሽ ገባ ብሎ ከመታየቱ በቀር ፈረሱ ጤነኛ ነው። ያስቸገረን የሚታሰርበት ዕቃ ነበር።

የድሮው ልጓም ብዙ ጋሪ ላይ እንደምታዩት ከአሮጌ ጎማና ከናይለን ገመድ የተሠራ ነው። በሁለቱም በኩል የዓይን መከለያ አለው። መከለያ የሚደረገው ፈረሱ ከኋላው የሚዞረውን የጋሪ ጎማ እያየ እንዳይደነግጥ ነው። ሁለት ዓይን ላለው እሺ። ፈረስ ግን ዓይኖቹ ጎንና ጎን ስለሆኑ፣ አንዱ ሲጠፋ የሚያየው ነገር በግማሽ ሊቀንስ ምንም አይቀረውም፣ በተረፈው ላይ ደግሞ መከለያ ስትጨምሩበት ከፊቱ ካለችው ጠባብ መንገድ ሌላ ምንም አያይም። ዳማ ቀኝ ዓይኑን ወደ ፊት ለማምጣት አንገቱን ወደ ግራ ጠምዝዞ ነበር የሚሄደው። በዚያ ላይ የጉንጩ ማሰሪያ ብሎን ጠባሳውን ይፈገፍገው ነበር።

ገበያው አካባቢ አንድ ቆዳ ሠሪ አሉ፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የፈረሱን ፊት በሲባጎ ለክቼ ሄድኩ። "ልኩን ተወውና ፈረሱን አምጣው፣ ያላየሁትን ፊት አልቆርጥም" አሉኝ። ወሰድኩት። በሚያየው ዓይኑ በኩል እያወሩት መጡ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ እጃቸውንም ድምፃቸውንም ሳያቋርጡ ወደ ግራው ዞሩ። ማንም እንዲህ ያድርጉ አላላቸውም። እኔ እዚያው ነው የወሰንኩት።

ሥራቸው ግሩም ነው። ቆዳው የበሬ ነው፣ ድርብ፣ በሰም በተቀባ ክር የተሰፋ። የቀኙን መከለያ ጨርሰው አስቀሩት። በግራ በኩል ዘለበቱን ከጠባሳው አርቀው ወደ ታች አወረዱት፣ ጉንጩ ላይ የሚያርፈውንም ቆዳ ፀጉሩ ባልተላጨ የበግ ቆዳ ለበጡት። ጉድጓዱን የሚሸፍን ክብ ቆዳ እንጨምርበት ወይ ብለውኝ ነበር፤ እኔ አልፈለግኩም፣ ላብና አቧራ ያጠራቅማል፣ ከስሩ ቢቆስልም አይታይም። እሳቸውም ተስማሙ። መሳቢያ ቀለበቱን በግራ አደረጉልኝ። በእግር ስስበው በማያየው በኩል እኔ አለሁለት፣ በሚያየው ደግሞ መንገዱን ይጠብቃል።

ወዲያው ለመደው አልልም። መከለያው ሲነሳ የጋሪውን ጎማ በቀኝ ዓይኑ አየና ተንቀጠቀጠ። መኪና ሳይበዛ በጠዋቱ፣ ባዶ ጋሪ እያስጎተትን፣ ቀስ ብለን አለማመድነው። አሁን አንገቱ ቀጥ ብሏል፣ ጠባሳውም ደርቋል።

መንገድ ላይ በቀኝ ስለምንነዳ ባጃጅ የሚቀድመን በማያየው በኩል ነው። ግራ ጆሮው ሁሌም ወደ ኋላ የዞረ ነው፤ ባጃጁን እኔ ሳልሰማው እሱ ይሰማዋል። ጆሮው ሲቆም አይቼ "አይዞህ ዳማ" እለዋለሁ፣ ዛቡን ግን አልጎትትም። የባጃጅ ሾፌሮች፣ እባካችሁ ጥሩምባውን ራቅ ካላችሁ ንፉ፣ አጠገቡ ደርሳችሁ አትንፉበት።

ግንባሩ ላይ የቆዳ ዘርፍም አስደርጌለታለሁ። ሲራመድ እየተወዛወዘ ዝንቡን ከዓይኑ ያርቅለታል። በቀረችው ዓይን ቀልድ የለም፤ ዝንብ በሽታ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እንባ የበዛበት ዓይን ላይ ደግሞ ይከማቻል። ዓይኑ ቢያብጥ ወይም ብርሃን ፈርቶ ቢጨፍን ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፣ በዚህ ዕድለኞች ነን።

ሌላው፣ ያገለገለ ልጓም በርካሽ አለ ቢሏችሁ አትግዙ። ቢቼ የምንለው በሽታ የታመመ ፈረስ በታሰረበት ዕቃ፣ በቁስል በኩል ይተላለፋል። ዓይንም ይይዛል።

ቅር ያለኝ ሁለት ነገር ነው። ጋሼ ለቅዳሜ ያሉት ሥራ ለቅዳሜ አልደረሰም፣ ስልክም ቶሎ አያነሱም፤ በጋሪው ለሚያድር ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ቀለሙ ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ ለቆ የፈረሱን ጉንጭ አጠቆረው። ታጥቦ ወጥቷል፣ ግን ቀለም የሌለው ቆዳ ይሁን ብላችሁ እዘዙ፣ እምቢ አይሉም።

ልጓሙን 2,200 ብር አሠራሁት፣ ዘርፉ ለብቻው 300። ከጎማው በጣም ይወደዳል፣ እኔ ግን ደግሜ አሠራለሁ። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ። ፈረሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ገበያው ስለሚጨናነቅ አንድ ዓይን ላለው ፈረስ አይመችም።