ኮርኒሱን ሳላፈርስ አራት መብራት ያዛወርኩበት ክብ መቁረጫ፦ ከ8 ወር በኋላ

እናቴ ማታ ማታ ጥጥ የምትፈትለው ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። መብራቱ ግን ከጀርባዋ ነበር። እንዝርቷ ላይ የራሷ ጥላ ያርፋል። እናት ደግሞ ከለመደችው ቦታ ተነሺ አትባልም። ስለዚህ መብራቱ መነሳት ነበረበት።

ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ኮርኒሱ ጂፕሰም ቦርድ ነው። የጠየቅኩት ባለሙያ ሙሉ ቦርዱ ይነሳ አለኝ። ለአንድ መብራት ይህን ሁሉ ማፍረስ አልዋጥልህ አለኝ። ግንቦት ላይ ድሪል ላይ የሚገጠም፣ ስፋቱ የሚስተካከል ክብ መቁረጫ ገዛሁ። መሀሉ ላይ መሪ ቢት፣ ግራና ቀኝ ሁለት ምላጭ፣ ከላይ አቧራ የሚይዝ የፕላስቲክ ሳህን አለው። እስከዚህ ጥር ድረስ አራት መብራት አዛውሬበታለሁ።

መቁረጡ ቀላል ነው። በመብራቱ ካርቶን ላይ በተጻፈው የቀዳዳ ልክ ትሞሉትና መጀመሪያ ቁራጭ ቦርድ ላይ ትሞክሩታላችሁ። ድሪሉ በዝግታ ይዙር። ሊያልቅ ሲል እጃችሁን ካላላላችሁ የቦርዱ ወረቀት ይቀደዳል፤ የመጀመሪያው ቀዳዳዬ እንደዚያ ሆኗል። ዱቄቱን ግን ሳህኑ አብዛኛውን ይይዘዋል። ሶፋውን እንኳ አላወጣንም።

መሣሪያውን የወደድኩት ግን ከመክፈቱ ይልቅ በመዝጋቱ ነው። የድሮው ቀዳዳ ጠርዙ የተቦረቦረ ነበር። እሱን ወደ ንጹሕ ክብ ለማስፋት መሪ ቢቱ የሚነክሰው ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የእንጨት ቁራጭ በቀዳዳው አስገብቼ ከቦርዱ ጀርባ በብሎን አሰርኩት። ከቆረጥኩ በኋላ ያው እንጨት መጣፊያውን ተሸከመልኝ። መጣፊያው ከአዲሱ ቀዳዳ የወጣው ክብ ነበር። ምላጩ ስለበላው ግን ዙሪያውን ክፍተት ተወ። ከዚያ ወዲህ ከትርፍ ቦርድ፣ ምላጩን ትንሽ ሰፋ አድርጌ እቆርጣለሁ። ልክክ ይላል።

የመጣፊያውን ዙሪያ በስቱኮ ስደፍን አንድ ትልቅ ትምህርት አግኝቻለሁ። ሁለቱን የድሮ ቀዳዳዎች መገጣጠሚያው ላይ ከሚለጠፈው መረብ ቴፕ ውጭ፣ ሁለቱን በቴፕ ዘጋሁ። ክረምቱን ሁሉም ደህና ነበሩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገባ፣ ቀን ፀሐይ ሌሊት ውርጭ ሲሆን፣ ቆርቆሮውም እንጨቱም ሲሰፋ ሲኮማተር ቴፕ የሌላቸው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አወጡ። ቴፕ ያላቸው ዛሬም የት እንደነበሩ አይታወቅም። ደግሞ ነሐሴ ላይ ስቱኮ በቶሎ አይደርቅም። ሦስት ቀን ጠብቄያለሁ፤ እርጥብ ላይ ቀለም አትቀቡ።

ጉድለትም አለው። ምላጮቹን የሚይዙት ብሎኖች በንዝረት ይላላሉ፤ በየቀዳዳው አጥብቁ። የልኩ ቁጥሮች ገና በአራተኛው ወር ተፍቀው አለቁ። አሁን በሜትር ነው የምለካው። አንዱ ምላጭ የኮርኒስ ብሎን መትቶ ጥርሱ ተሸረፈ።

እሱ የኔ ጥፋት ነው። መሣሪያው ከቦርዱ ጀርባ ያለውን አያይም። ከዚያ ወዲህ በትንሽ ማግኔት ኮርኒሱን አስሳለሁ። ማግኔቱ የሚጣበቅበት የብሎን መስመር ሞራሌው ያለበት ነው። ከዚያ ራቅ ብዬ እቆርጣለሁ።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ግን አደራ። የግድግዳውን ማጥፊያ ብቻ አትመኑ። አንዳንድ ቤት ማጥፊያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን፣ ማለትም መመለሻ ሽቦውን ነው፤ አምፖሉ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ 220 ቮልት ይዞ ይጠብቃል። ብሬከር አጥፉ፣ በቴስተር አረጋግጡ። ሽቦው አዲሱ ቦታ ስላልደረሰ ቅጥያውን ለኤሌክትሪሺያን ሰጠሁ። በቴፕ ጠቅልሎ ኮርኒስ ውስጥ እንዲተወው አልፈቀድኩም። ማገናኛ ሳጥን ውስጥ አስገባው። ሳጥኑም መብራቱ ሲወርድ በቀዳዳው እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው።

ያለ ቴፕ የዘጋኋቸውን ሁለቱን በበጋው እንደገና ከፍቼ እሠራቸዋለሁ። እናቴ አሁን ክሯን ያለ ጥላ ታያለች።