ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ የኋላ መጋረጃ፦ ለገጣፎ መውጫ ያለው ጥገና ቤት ምን ያህል ያዋጣል?

በመኪና የኋላ ዕቃ ክፍል ላይ ያለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የዕቃ መሸፈኛ መጋረጃ ሲሠራ ደስ ይላል። የኋላው በር ሲከፈት በሐዲዱ ላይ በራሱ ከፍ ይላል፤ ሁለት እጁ ዕቃ የያዘ ሰው አይቸገርም። የመርሴዲስ ኢ-ክላስ ስቴሽን ዋገንና የአውዲ ኤ6 አቫንት ላይ የሚታየው እንዲህ ያለው ነው። ችግሩ መሃል ላይ ሲቆም ነው። ወደ ላይ አይወጣ፣ ወደ ታች አይመለስ፤ ከሥሩ ያለውን የጤፍ ከረጢት ለማውጣት በጉልበት ተንበርክኮ መጎተት ይመጣል።

ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከጎሚስታው አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ቤት ይህን ሥራ ይቀበላል። ታፔላ የለውም። ፍርዳችንን ከመነሻው እንናገር፦ ለተሰበረና ለተበጠሰ ነገር ከተማ መግባት ሳያስፈልግ እዚሁ ማሠራት ያዋጣል፤ ኮምፒውተር ለሚፈልግ ሥራ ግን አይሆንም።

ጥሩነታቸው የሚታወቀው መጋረጃውን ባለመጎተታቸው ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙው ኪሳራ የሚመጣው ከዚያ ነው። የመጋረጃው ዘንግ ሁለቱ ጫፎች ግራና ቀኝ ባሉ ሐዲዶች ውስጥ ይሄዳሉ፤ የሚስባቸው በፕላስቲክ ጥርሶች የሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። በእጅ ሲሳብ አንዱ ጎን ቀድሞ ይሄዳል፣ ዘንጉ ይንጋደዳል፣ ጥርሱም ይላጫል። በብሩሽ ተጠርጎ ያልቅ የነበረ ብልሽት ሙሉ ክፍል ወደ መግዛት የሚሄደው እንዲህ ነው።

መኪናው እንደገባ ከካቻቢቴ በፊት ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይወጣል። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ካሳየ ግማሹ አልቋል። እነዚህ መኪኖች ባትሪ ሲዳከም ለማስነሻ የሚሆነውን ለመቆጠብ የምቾት ዕቃዎችን አስቀድመው ያጠፋሉ። ከመንገድ እንደገባ የተለካ ባትሪ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የፊት መብራቱን ሁለት ደቂቃ ያህል አብርተው አጥፍተው ነው የሚለኩት። ከዚያ ፊውዝ። በዓይን አይተው «ደህና ነው» አይሉም፤ ሁለቱንም ጫፍ በቴስተር ይነካሉ። የተቃጠለውን በትልቅ አምፔር መተካት ሽቦ ማቃጠል ነው፤ የሚጠይቅ ደንበኛ ቢኖርም እዚህ አይደረግለትም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው በበሩ ማጠፊያ አጠገብ ያለችውን የጎማ ቱቦ ነው። ከመኪናው ወደ በሩ የሚሻገሩት ሽቦዎች በእሷ ውስጥ ያልፋሉ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥርም ይታጠፋሉ። ከዓመታት በኋላ ላስቲካቸው ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ መዳቡ ይበጠሳል። የበሩን መከፈት የሚናገረው ሽቦ ከተበጠሰ ለመኪናው በሩ ዝግ ነው፤ መጋረጃውን የሚያነሳበት ምክንያት የለውም። በሩ ተከፍቶ የዕቃ ክፍሉ መብራት ካልበራ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የክፍት በር ምልክት ካልመጣ፣ ሐዲድ ከመፍታት በፊት ቱቦዋን መግለጥ ነው። እዚህ ቤት ቱቦዋን ወደ ኋላ ያንሸራትቱና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ይስባሉ። ውስጡ የተበጠሰው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ሲላጥም መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ጠምዝዘው በናስትሮ አይጠቀልሉትም። ለስላሳ የሲሊኮን ሽቦ ይቀጥላሉ፣ የተበየደውን መጋጠሚያ ከሚታጠፈው ቦታ ውጭ ያደርጉታል፤ ብየዳ ሽቦውን ስለሚያደርቀው መታጠፊያው ላይ ከዋለ ዳሩ ላይ እንደገና ይበጠሳል። በዚህ ሥራ እንከን አናወጣላቸውም።

ሽቦው ደህና ከሆነ ወደ ሐዲዱ ይሄዳሉ። የዚህ አካባቢ ኮረኮንች በበጋ የሚያነሳው አቧራ በኋላው በር ይገባል፤ ላዩ ላይ ጭድ፣ የጤፍ ፍሬ፣ ከጆንያ የረገፈ ክር ይጨመራል። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ክፍል የሚስበውን የኤሌክትሪክ መጠን ይከታተላል። መንገዱ ሲከብደው መጠኑ ይጨምራል፣ እሱም እጅ የተያዘ መስሎት ያቆማል ወይም ይመልሳል። ስለዚህ መጋረጃው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ ያንን ቦታ በባትሪ መብራት ማየት ነው። መጀመሪያ በአቧራ መሳቢያ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ አልኮል በነካ ጨርቅ ይጸዳል።

እዚህ ላይ ግን ይሳሳታሉ፦ ካጸዱ በኋላ ግራሶ ይቀባሉ። ለለገጣፎ አቧራ ግራሶ ማለት ማጣበቂያ ነው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጥቁር ሊጥ ይሆናል። መኪናውን ስታስገቡ «ግራሶ እንዳይነካው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጨርቅ ላይ የተነፋ፣ የሚደርቅ የሲሊኮን ስፕሬይ በስሱ ማሸት ይበቃል።

የተሰበረው ተንሸራታቹ፣ ማለትም የዘንጉን ጫፍ ይዞ በሐዲዱ ውስጥ የሚሄደው ፕላስቲክ፣ ከሆነ ፈትተው መዳፍ ላይ ያስቀምጡላችኋል። ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ፕላስቲክ ናት፤ ስንጥቋ ዳር ዳሩን የነጣ መስመር ይታያል። በሱፐር ግሉ የተጣበቀችበትን መኪና አትረከቡ፤ እንዲህ ያለው የሚንሸራተት ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይቀበልም፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ይለቃል። ሶማሌ ተራ በሚባለው የመኪና ዕቃ ገበያ ፈልጎ ያገለገለ ማግኘት አንድ መንገድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን እዚህ ያለውን መኪና እየጠገኑ መንዳት እንጂ አዲስ መኪና መጠበቅ አያዛልቅም። እነሱ ቶርኖና ፍሬዛ (የመቅረጫ ማሽኖች) ወዳለው ጎረቤታቸው ልከው ከናይለን ያስቀርጹታል። ሁለት ነገር ተቆጣጠሩ። የግራውና የቀኙ ተንሸራታች እንደ መስተዋት ምስል ሊገላበጡ ይችላሉ፤ ደህናውን ቁልጭ አድርጎ መቅዳት ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ናይለን እርጥበት ሲስብ ያብጣል። በጥር ልክክ ያለው በሐምሌ ይነክሳል፤ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ላላ ይበል። በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3ዲ ፕሪንተር) የሚሠራ ካለም ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ እንዳይሆን፤ እሱ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ፕላስቲክ ብዙ ይግላል።

መጋረጃው የሚጠቀለልበት በርሜል ውስጥ የተጠመዘዘ ሞላ አለ። እሱን እዚህ አታስፈቱ። ስንት ዙር እንደተጠመዘዘ ሳይቆጥሩ ከፈቱት ጨርቁ ከዚያ በኋላ ወይ ይረግባል ወይ ይወጥራል፣ ሲያመልጥ ደግሞ ጣት ይቆርጣል።

የጎን ሽፋኑን ሲያወልቁ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይሠራሉ፣ ኤርባግ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጎን ከመንካታቸው በፊትም ባትሪውን ነቅለው ይቆያሉ። ጥንቃቄው መልካም ነው። ክሊፕ ግን ይሰብራሉ፣ የሰበሩትንም አይተኩም፤ ሁለትና ሦስቱ ሲጎድል ሽፋኑ ኮረኮንች ላይ ይንጫጫል። አሥር ያህል ትርፍ ክሊፕ ይዞ መሄድ ይሻላል።

ባትሪው ከተነቀለ በኋላ መጋረጃው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቦታ ሊረሳ ይችላል። አንዳንዱ መኪና በሩ አንድ ጊዜ ሙሉ ተከፍቶ ሲዘጋ ራሱ ይማራል። አንዳንዱ በስካነር (ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መሣሪያ) ካልተነገረው አይሠራም። የእነሱ ስካነር የሞተር ኮድ ያነባል እንጂ የኋላውን በር ክፍል አይከፍተውም፤ ያኔ ከተማ መግባት የግድ ነው። ይህን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ቢናገሩ መልካም ነበር፣ ግን ካልተጠየቁ አይናገሩም።

ለሽቦና ለጽዳት ጠዋት 2 ሰዓት የገባ መኪና ማታ ይወጣል። ቶርኖ ካለበት ቀኑን መብራት ይወስነዋል። ዋጋውን የእጅና የዕቃ ለይታችሁ ተነጋገሩ፤ የተሰበረችውን ፕላስቲክም መልሱልኝ በሉ፣ ሌላ ጊዜ ቅጂዋ ትፈለጋለች። ስትረከቡ በሩን አምስት ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፦ ሦስቱን ባዶውን፣ ሁለቱን ዕቃ ተጭኖ። ከኋላ ቆማችሁ የዘንጉን ሁለት ጫፍ እዩ፤ አንዱ ከሌላው የጣት ስፋት እንኳ ከቀደመ ቁልፉን አትቀበሉ።