ዎክ ስኮር የማንን እግር ነው የሚቆጥረው?

ዎክ ስኮር አንድ ሰፈር በእግር ለመንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚመች የሚመዝን ድረ ገጽ ነው፤ የቤት አድራሻ ሲያስገቡለት ከ0 እስከ 100 ባለው መካከል አንድ ቁጥር ይሰጥዎታል። 90ና ከዚያ በላይ ከሆነ የዕለት ጉዳይ ሁሉ በእግር ያልቃል ማለቱ ነው፤ ከ25 በታች ከሆነ ደግሞ ያለ መኪና ንቅንቅ የለም። ድረ ገጹ ከ2007 ጀምሮ ያለ ሲሆን በዋናነት የሚሸፍነው አሜሪካን፣ ካናዳንና አውስትራሊያን ነው። ለመጠቀም ቀላል ነው። ለአረጋዊ ወላጅ ቤት ለመምረጥ ግን ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል።

ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው በ5 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ማለትም በ400 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ሱቅ፣ መናፈሻ ወይም ሌላ አገልግሎት ነው። ከዚያ በኋላ ነጥቡ እየቀነሰ ሄዶ 30 ደቂቃ ላይ ያልቃል። 400 ሜትርን በ5 ደቂቃ መጨረስ በሰከንድ 1.33 ሜትር መራመድ ነው። ይህ የጤነኛ ጎልማሳ እርምጃ ነው። በሰከንድ 0.8 ሜትር ለሚሄድ ሰው ያው መንገድ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። የ30 ደቂቃውማ 50 ደቂቃ ይሆናል፤ ያውም መሄጃው ብቻ፣ ዕቃ ሳይያዝ።

የሚገርመው፣ የአረጋውያንን የመንቀሳቀስ አቅም የሚያጠኑ ባለሙያዎችም የሚፈትኑት በ400 ሜትር ነው። ሳይቀመጡና የሰው ድጋፍ ሳይዙ በ15 ደቂቃ መጨረስ ካልተቻለ፣ ትልቅ የአቅም መቀነስ እንዳለ ይቆጠራል። እንግዲህ ሙሉ ነጥብ ያገኘው ሱቅ ለደከመ ሰው የአቅሙ ዳርቻ ላይ ሊሆን ይችላል፤ መመለሻው ገና ነው።

በጎ ጎኑን መካድ አይቻልም። መድረሻ የበዛበት ሰፈር አረጋውያንን ከቤት ያወጣል፤ አዘውትሮ መራመድ ደግሞ የእግር ጡንቻንና ሚዛንን ያቆያል። ነገር ግን እግሩ የጠና ሰው ራሱ እንዲህ ያለውን ሰፈር ይመርጣልና፣ ጥንካሬው ሁሉ ከሰፈሩ የመጣ ነው ማለት አይቻልም።

ቁጥሩ ዳገትን፣ የተሰነጠቀ የእግረኛ መንገድን፣ መቀመጫንና የመንገድ መብራትን አያይም። የመንገድ መጋጠሚያ መብዛቱን ግን በጎ ነገር አድርጎ ይቆጥራል። ለአረጋዊ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከጠርዝ መውረድ፣ ጠርዝ ላይ መውጣትና ከትራፊክ መብራት ጋር መሽቀዳደም ነው። መብራቱ በሰከንድ 1.2 ሜትር ታስቦ ከተሞላ፣ ለ12 ሜትር አስፋልት የሚሰጠው 10 ሰከንድ ነው። በ0.8 የሚሄደው ሰው ጊዜው ሲያልቅ ገና 4 ሜትር ይቀረዋል፤ መኪኖቹ ፊት መሆኑ ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ የነዋሪውን እግር ይለኩ። ወለል ላይ 4 ሜትር ርቀት በፕላስተር ምልክት ያድርጉና በተለመደው እርምጃው ሲሄድ በስልክ ሰዓት ይያዙለት። ሁለት ጊዜ ለክተው የተሻለውን ይውሰዱ። ከ5 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት ፍጥነቱ ከ0.8 በታች ነው። ከመጨረሻው ምልክት ወዲያ ጥቂት ቦታ ይተዉለት፤ አለበለዚያ ለማቆም ሲል ቀድሞ ስለሚያዘግም ልኬቱ ይበላሻል።

ቀጥሎ በጣም ወደሚፈለጉት ሁለት ሦስት ቦታዎች፣ ለምሳሌ ወደ ፋርማሲውና ወደ ሸቀጥ ሱቁ፣ በዚያው ፍጥነት አብረውት ይሂዱ። አረንጓዴው መብራት ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይቁጠሩ። የብሪታንያ መንግሥት መመሪያ እግረኛ በሚበዛበት ቦታ መቀመጫ ቢያንስ በየ50 ሜትሩ እንዲኖር ይመክራል፤ ይህን ልክ ይዘው ይመልከቱ። መቀመጫ ካገኙም አረጋዊው ተቀምጦ ይነሳበት። ዝቅ ያለና የእጅ መደገፊያ የሌለው ከሆነ ጉልበቱ ለደከመ ሰው እንደሌለ ይቁጠሩት።