በራሱ የሚነፋው ላይፍ ጃኬት፦ ከወራት በኋላ

ሻጩ «ምንም አትንካው፣ ውሃ ሲያገኘው ራሱ ይነፋል» ብሎ ነው የሸጠልኝ። እውነቱን ነው፣ ይነፋል። ግን እስክወድቅ አይጠብቅም።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ባሕር የማየው ጅቡቲ ስወርድ ነው፤ የአክስቴ ልጅ እዚያ ትንሽ ክፍት ጀልባ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ወደ አርታ ዳርቻ እንወጣለን። ባሕሩ ከፈቀደ ጉቤት እስከሚባለው የባሕር ወሽመጥ እንዘልቃለን። ጉቤት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚገናኘው በጠባብ መተላለፊያ ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያ ሁሉ ውሃ በዚያች በር ስለሚያልፍ እንደ ክረምት ወንዝ ይሮጣል። ነፋስ ከፊት ከመጣበት ደግሞ ጀልባዋን ያንገጫግጫታል።

እዚያ መሐል ነው የነፋብኝ። ማንም አልወደቀም። ማዕበሉ ከፊት ተረጨብንና ደረቴ ራሰ። ትንሽ ቆይቶ «ጧ!» አለና አንገቴን አነቀኝ። አገጬ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ እግሬ ሥር ያለውን ገመድ እንኳ ማየት አቃተኝ። በአንድ እጄ ጀልባውን ይዤ፣ በሌላው በአፍ መንፊያው ቱቦ አየሩን አስተነፈስኩት። ከዚያ ያችኑ በር ተመልሰን ያለፍነው የጋዝ ጠርሙሱ ባዶ በሆነ ጃኬት ነው። የሚያናድደኝ ይሄ ነው!

አሠራሩ ቀላል ነው። ክኒን የምታክል ነገር ሞላውን ይዛ ትቀመጣለች። ውሃ ሲነካት ትሟሟለች፣ ሞላው ይፈታል፣ መርፌው 33 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘውን ጠርሙስ ይበሳል። ራሱን ስቶ ለወደቀ ሰው ነፍስ አድን ነው፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያንሳፍፈዋል። ይህን አልክድም።

አንተ ሻጩ፣ «ወንድሜ፣ የተሠራው እኮ ለዚሁ ነው» ትለኝ ይሆናል። አቦ፣ ርጭትን ከመውደቅ የሚለይ ዓይነትም አለ! የውሃ ግፊት ካልተሰማው የማይከፈት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሰምጥ ብቻ የሚነፋ። ዋጋው ይወደዳል። ይወደድ! በክፍት ጀልባ ጉቤት እንደምገባ ነግሬሃለሁ፤ አማራጩን ማሳየት ያንተ ሥራ ነበር።

መለዋወጫውስ? እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለውን ገበያ ሱቅ በሱቅ አዳረስኩ፣ ክኒኗንም ጠርሙሱንም የሚያውቅ አላገኘሁም። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ለመንኩ። የታመቀ ጋዝ ስለሆነ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ እሱም ጣጣውን ፈርቶ «ይቅርብኝ» አለ። አልፈርድበትም።

በቀረው ነገር ጥሩ ነው። ይቀላል፣ በጅቡቲ ሙቀትም ጀርባን አያቃጥልም። እኔ ግን ደግሜ አልገዛውም። አሁን የምለብሰው የስፖንጁን ነው። ያልበኛል፣ ክንዴን ይፍቀኛል፣ ግን ቢረጥብም ቢደርቅም ያው ነው፤ ያችን በር ስንገባ ሐሳቤ ባሕሩ ላይ ነው።

ጅቡቲ ወርዳችሁ በራሱ የሚነፋውን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «መለዋወጫውን አውጣ» በሉት። ክኒኗ ላይ ቀን ተጽፎባታል፣ አንብቡት። መለዋወጫ ከሌለው ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።