የቴሌግራም ኩዊዝ፦ ከጠመኔ ወደ ስልክ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሃያ ዓመት ከጠመኔ ጋር ከርሜ ዘንድሮ ነው ቴሌግራም ላይ ኩዊዝ ማውጣት የጀመርኩት። ያሳየችኝ አንዷ ተማሪዬ ናት፤ ማስታወሻ እየያዝኩ ተማርኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጥያቄውን እጽፋለሁ፣ ምርጫዎቹን እደረድራለሁ፣ ትክክለኛው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። በትክክል ለመለሰ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ይረጫል። ጎረምሶቹ ለዚያች ብለው ስለ ሚቶኮንድሪያ ሲሻሙ ማየት ነው! እኔ የወደድኩት ግን ማብራሪያውን ነው። እስከ 200 ፊደል መጨመር ይቻላል። ድሮ ደብተር አርሜ እስክመልስ ሳምንት ያልፍ ነበር። አሁን የተሳሳተው ልጅ ነገሩ ትኩስ እያለ ምክንያቱን ያነባል።

ጉድም ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ኩዊዝ የለጠፍኩት ቻናል ላይ ነበር። እዚያ ማን ምን እንደመለሰ አይታይም፤ ነጥብ ልይዝ ብዬ ባዶ እጄን ቀረሁ። ስም እንዲታይ ግሩፕ ውስጥ መለጠፍና ስም የሚደብቀውን ምርጫ ማጥፋት ያስፈልጋል። አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ ጥያቄውን ማረም አይቻልም፤ አጥፍቶ እንደገና መለጠፍ ነው። “ክሎሮፊል”ን አጣምሜ ጽፌ ሦስት ቀን ሙሉ ተስቆብኛል።

“ለምን?” ለሚል ጥያቄ አይሆንም። ለእሱ አሁንም ወረቀት አስወጣለሁ።