ስሌቱን ከነአካሄዱ የሚያሳይ የግድግዳ ካላንደር

የ2018 ካላንደሬን የገዛሁት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጧፍ ከሚሸጡት ልጆች ነው። 200 ብር። ለሥዕሉ ብዬ አይደለም፤ ሥዕሉማ ደብዛዛ ነው። የወደድኩት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ባሕረ ሐሳቡን፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ከነአካሄዱ ስላተመ ነው። ሌሎቹ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ብቻ ነው የሚነግሯችሁ።

ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። «ቲቸር፣ ቀሪ ምን ያደርጋል?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ካልኩሌተር ነጥብ አስገብቶ ስለሚጨርሰው ቀሪን የሚያስታውሰው የለም። ባሕረ ሐሳብ ግን የሚፈልገው ቀሪውን ነው።

5500 ላይ (ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው ዘመን ነው) 2018 ደምሩ፤ 7518። ለ19 ሲካፈል 395 ይደርሳል፣ 13 ይቀራል። 395ቱን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከ13ቱ አንዱን ለዘመን ትታችሁ 12 ትይዛላችሁ፤ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት (30 30 እያወጣችሁ ስትጥሉ) የሚቀረው አበቅቴ ነው፤ 12። በ19 አባዝታችሁ ስትገድፉት ደግሞ መጥቅዕ ነው፤ 18። ያው 7518 ለ4 ሲካፈል 2 ይቀራል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው።

11ዷ ከየት መጣች? የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፣ የፀሐይ 365። ጨረቃ በየዓመቱ 11 ቀን ትቀድማለች፤ 19 ዓመት ሲሞላ ሁለቱ መልሰው ይገጥማሉ። ካላንደሩ ይህን በሁለት መስመር ብቻ ነው ያስረዳው። እኔ ክፍል ውስጥ ከዚያ በላይ እለፈልፋለሁ።

ቀሪው መንገድ አጭር ነው። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ መስከረም ላይ ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱና ለየበዓሉ የተመደበ ተደማሪ ቁጥር ነው) 7። ሲደመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት 34፤ 30ው ተገድፎ ሚያዝያ 4።

አሁን ወደ እንከኑ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ማጠቃለያ ሰንጠረዥ አበቅቴን 18፣ መጥቅዕን 12 ብሎታል። ተገለባብጧል። ክፋቱ ደግሞ ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ስለሚመጡ፣ ደምሮ የሚያመሳክር ሰው ስህተቱን አያገኘውም። ለልጆቹ «ስህተት ፈልጉ» ብዬ ሰጠኋቸው። ደመሩ፣ 30 መጣ፣ «ልክ ነው» ብለው አረፉ። አንዷ ብቻ «12 በ11 ሲባዛ 132 ነው፤ ሲገደፍ 18 አይተርፍም» አለች። እሰይ!

በተገለበጠው ቁጥር ብትሄዱ ምን ይመጣል? መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ ወደ ጥቅምት ይሻገራል። ጥቅምት 12 ረቡዕ፣ ተውሳኩ 4፤ ነነዌ የካቲት 16፣ ፋሲካ ሚያዝያ 25። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ደግነቱ የወራቱ ገጾች ላይ በዓላቱ ሁሉ ቦታቸው ናቸው፤ የተሳሳተው ሰንጠረዡ ብቻ ነው።

ሌላው ጣጣ፣ የፈረንጁ ቀን በጉንዳን ፊደል ነው የተጻፈው፣ ያለ መነጽር አይነበብም። ወረቀቱም ስስ ነው፤ ሚስማሩ ላይ መቀደድ ጀምሯል።

ቢሆንም እንድትገዙት እመክራለሁ፤ ሁለቱን ቁጥሮች በእስክሪፕቶ አቀያይሯቸው እንጂ። ከጎኑ የነበሩት የሚያብረቀርቁት ካላንደሮች 300 ብር ነበሩ፣ ስሌት የሚባል ነገር የለባቸውም።