ድራማ ልታዩ ከሆነ ይሄ ኮርስ አይደለም (የሃልዩ፣ ማለትም የኮሪያ ፖፕ ባህል በዓለም መስፋፋት፣ ጥናት ኮርስ ሪቪው)

ኬፖፕ (የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ) ስለምወድ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም የተመዘገብኩት፣ ስለ ቢቲኤስ ባንድ የሚወራበት መስሎኝ። ለካ ኮርሱ የሚያወራው ሃልዩን የሚያጠኑት ምሁራን እስከዛሬ ምን ምን ሲባባሉ እንደከረሙ ነው። ላቋርጥ ነበር፣ እንኳንም አላቋረጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አሪፍ ናቸው። በፈረንጆቹ 2003 ዊንተር ሶናታ የሚባለው የኮሪያ ድራማ ጃፓን ውስጥ በኤንኤችኬ ቴሌቪዥን ሲታይ ጠና ያሉ ሴቶች እንዴት እንዳበዱለት፣ ያኔ ተመራማሪው ሁሉ «እስያ ውስጥ የተወደደው ባህላችን ስለሚቀራረብ ነው» ይል እንደነበር በደንብ ያሳያል። ከዛ 2012 ላይ የኮሪያዊው ዘፋኝ ሳይ ጋንግናም ስታይል ዩቲዩብ ላይ 1 ቢሊዮን እይታ የገባ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሆነና ነገሩ ተበላሸ፣ ብራዚል ያለ ልጅን ከኮሪያ ጋር ምን አቀራረበው ታዲያ? ጥናቱም ወደ ፋንደም (የአድናቂዎች ስብስብ) እና እንደ ዩቲዩብ ወዳሉ ፕላትፎርሞች ዞረ። ስኩዊድ ጌም የሚባለው የኮሪያ ተከታታይ ፊልም 2021 ላይ ሲመጣ ደግሞ ክርክሩ ብሩን ያወጣው የአሜሪካው ኔትፍሊክስ ከሆነ ይሄ ነገር የኮሪያ ነው ወይስ የማን የሚል ሆነ፣ እኔ እዚህ ጋ ቪዲዮውን ሶስቴ መልሼ አይቼዋለሁ።

የሶፍት ፓወሩ (አገር በባህሏ ተጽዕኖ የምታሳድርበት) ክፍል ግን ያው መንግስት ደገፈ አደገ፣ መንግስት ደገፈ አደገ፣ ዝለሉት ቢባል ቅር አይለኝም። የፋንደሙ ሳምንትም ትዊት መቁጠር ብቻ ሆነብኝ፣ ልጆቹ ለምን እንደሚወዱት ጠይቆ የሚያናግራቸው የለም።

በጣም ያናደደኝ የትሬኒዎች (ኮከብ ለመሆን ኩባንያ ውስጥ የሚሰለጥኑ ልጆች) እና የአርቲስቶች ውል ጉዳይ በ10 ደቂቃ መታለፉ ነው። የኮሪያው ባንድ ቲቪኤክስኪው 3 አባላት የ13 ዓመት ውላቸውን ይዘው ፍርድ ቤት የሄዱት 2009 ነው፣ በዛው ዓመት የኮሪያ ፌር ትሬድ ኮሚሽን (የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት) ውል ከ7 ዓመት እንዳይበልጥ የሚል ስታንዳርድ ኮንትራት አወጣ። ይሄ እኮ ለብቻው አንድ ሳምንት ይወጣዋል!

ሰብታይትሉ አውቶማቲክ ስለሆነ ያስቃል። «ሃልዩ» በኮሪያ ፊደል ሲጻፍ «ቀዝቃዛ የባህር ውሃ ጅረት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው፣ እና አንዱን ሌክቸር ሙሉ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ ሳነብ ነው የጨረስኩት 😂

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ። ቴሲስ የምትጽፉ በተለይ ግቡበት፣ ኩዊዙን ግን እንዳትንቁት፣ እኔ ሁለቴ ወድቄያለሁ።